አሥራ አራት ቁጥር

የሩዲ ደብዳቤ የደረሰኝ ረቡዕ ዕለት፣ በምስጋና በዓል ዋዜማ ነው። መላው የዱሉት ከተማ የቱርክ ዶሮውን ታቅፎ ወደየቤቱ ሲጣደፍ፣ እኔ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ የቤቴ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የጻፈው የመርከብ ወጥ ቤት የምግብ ዝርዝር ጀርባ ላይ ነው። በፊት ለፊቱ «ቅዳሜ፦ ስቴክ፣ ድንች፣ የፖም ኬክ» ይላል።

«ብሪታ፣

ከክሊኒኩ ወረቀቱ መጣልኝ። አሥራ አራት ቁጥር ያገኘው እውነተኛውን ሕክምና ነው ይላል። እኔ ሞኙ ደግሞ ባዶው ደርሶኝ በሆነ ብዬ ስጸልይ ነበር የከረምኩት። ባዶው ቢሆን ‹ምን ላድርግ፣ አልታከምኩም› እል ነበር። አሁን የምለው የለኝም። የተቀደደ ባልዲ ውሃ አይዝም፤ ጥፋቱም የቀጂው አይደለም። አንቺ ያለሽን ሁሉ ሰጠሽኝ፣ እኔ በላሁት። እህቴን ማርሲንም በላኋት። ጠዋት ስነሳ መስታወቱን በፎጣ ሸፍኜ ነው የምላጨው።

አትምጪ። ብትመጪ ግን በር የምዘጋበት ጉልበት እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። ነገ ማርሲ ቤት ነኝ፤ ለአሥራ ሁለት ሰው አበስላለሁ።

ሩዲ»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሌላ ሴት ብትሆን የመጨረሻዎቹን መስመሮች ደረቷ ላይ ለጥፋ ታለቅስ ነበር። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ስልኬን ያላነሳ ሰው፣ አትምጪ እያለ ነይ ይለኛል። እኔ ግን አላለቀስኩም፤ ምክንያቱም ደብዳቤው ውስጥ ውሸት አለ። ውሸቱ የሱ አይደለም፣ የኔ ነው። ዝም ካልኩ ሩዲን አገኘዋለሁ፣ ከተናገርኩ አጣዋለሁ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ማስጌጫ የለውም።

*

ሥራዬ ሰው ጭንቅላት ላይ የራስ ቁር መድፋት ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ ይሳቅ። የራስ ቁሩ ውስጥ ማግኔት አለ። ያለ ቢላዋና ያለ መድኃኒት፣ በአጥንት አልፎ ከግንባር ኋላ ያለውን፣ «በቃ፣ ጠገብኩ» የሚለውን የአንጎል ክፍል ይመታዋል፤ ያነቃዋል። ባለፈው ሜይ ዶክተር ፔል መብላት ማቆም ላቃታቸው ሰዎች ጥናት ሲጀምር፣ ማሽኑን የማንቀሳቅሰው እኔ ነበርኩ።

ጥናቱ ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፦ ከተሳታፊዎቹ ግማሹ እውነተኛውን ምት ያገኛል፣ ግማሹ ባዶውን። ባዶውም ያው ይንኳኳል፤ ቆዳን በትንሽ ኤሌክትሪክ ይነዝራል እንጂ አንጎል አይደርስም። ማን የቱን እንደሚያገኝ የሚያውቀው በእያንዳንዱ ሰው የተሳታፊ ቁጥር የወጣው ካርድ ብቻ ነው። ካርዱን ማሽኑ ውስጥ እከታለሁ፣ ማሽኑ ያነባል። እኔም አላውቅ፣ ታካሚውም አያውቅ፣ ዶክተሩም አያውቅ። ዝርዝሩ በታሸገ ፖስታ እስከ ኖቬምበር ተቆልፎበታል። ሁለተኛው ሕግ፦ ጥናቱ እስኪዘጋ ድረስ ሠራተኛ ከታካሚ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አይኖረውም። ሁለቱንም ጥሻለሁ።

ሩዲ ማሮልት በሩን ሞልቶ ገባ። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ የብረት ድንጋይ በሚጭኑት መርከቦች ላይ አሥራ አንድ ዓመት ወጥ ቤት ሠርቷል። የደም ግፊቱ ኩላሊቱን ጨርሶታል። እህቱ ማርሲ አንድ ኩላሊቷን ልትሰጠው ተመርምራ ተፈቅዶላታል፤ ቀዶ ሐኪሞቹ ግን ከመቶ አሥራ ስምንት ኪሎ በላይ ሆኖ ከመጣ ቢላዋ አናነሳም ብለዋል። የሚመዘንበት ቀን ሴፕቴምበር ዘጠኝ ነው። ወደኔ በመጣበት የመጀመሪያ ቀን የክሊኒኩ ሚዛን ላይ ሲወጣ መቶ ሠላሳ አንድ ነበር።

«አቶ ማሮልት፣ እዚህ ይቀመጡ» አልኩት።

«አንቱታውን ተይው እባክሽ፤ ክብደቴ ላይ አትጨምሪብኝ።»

ሳቅሁ። ሥራ ላይ የምስቅ ሰው አይደለሁም፤ እናቴ እንደምትለው ፊቴ የጥርስ ሐኪም ልጅ ፊት ነው። በመጀመሪያው ቀን የምቱን ኃይል ለመለካት የታካሚውን እጅ መዳፌ ላይ አድርጌ፣ አውራ ጣቱ ሳያዝዘው እስኪዘል ድረስ ማግኔቱን ከፍ እያደረግሁ እሄዳለሁ። የሩዲ እጅ ወፍራምና ሞቃት ነበር፤ ጣቶቹ ላይ የምድጃ ጠባሳ አለ። አውራ ጣቱ ዘለለ። እሱ ጣቱን አላየም፣ እኔን ነው ያየው።

«እንደዚህ ያለ እኔ ሳላዝ የሚሆን ነገር በሕይወቴ ብዙ አለ» አለኝ፤ «ደስ ሲለኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።»

እጁን መልቀቅ ከነበረብኝ ጊዜ ትንሽ ዘግይቼ ለቀቅሁት። እሱም አውቆታል።

*

ከምቱ በፊት ረሃቡን መቀስቀስ አለብን፤ አሠራሩ ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚያሸንፈውን ምግብ ይነግረናል፤ እኔ ጠዋት አዘጋጅቼ አፍንጫው ሥር ክዳኑን እከፍትለታለሁ። አንድ ደቂቃ ያሸታል፤ መንካት ክልክል ነው። የሩዲ ካራሜል የፈሰሰበት ጥቅልል ዳቦ ነበር። ከመጋገሪያው ትኩሱን ይዤለት ስመጣ ጠዋት ጠዋት የሱ ገዳይ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ደቂቃው ሲያልቅ ዳቦውን ወስጄ እጥላለሁ። «የማላይበት ጣይው» ይለኛል፤ «ወጥ ቤት ነኝ፣ ምግብ ሲጣል ማየት አልችልም።»

ከሱ ቀጥሎ የምትገባው ቬርና ነበረች፤ አሥራ አምስት ቁጥር። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታ ጡረታ የወጣች፣ ድንች ጥብስ ከረጢቱ እስኪያልቅ የማትለቅ። የመጣችው ለልጅ ልጇ ሰርግ የገዛችው ቀሚስ እንዲዘጋላት ብላ ነው። የራስ ቁሩ መንኳኳት ሲጀምር የክሊኒኩ ጣራ ይነሳ ነበር።

«ወይኔ ጭንቅላቴ! ምን በድዬሽ ነው አንቺ ልጅ! ኧረ ግንባሬን ወጋኝ!»

ሩዲ ግን ፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፤ ሲያልቅ ፈገግ ብሎ «አለቀ? ገና ሳልመቻች?» ይለኛል። አንድም ቀን አመመኝ ብሎ አያውቅም።

እውነተኛው ምት እንደሚያም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃል። ደንቡ መገመት አይፈቅድም። እኔ ግን ገመትኩ። እሷ ትጮኻለች፣ እሱ ይስቃል፤ ስለዚህ ባዶው የሱ ነው አልኩ። በሁለት ሳምንት አራት ኪሎ ጥሎ ነበር፤ እሱንም የጀማሪ ጉጉት ነው ብዬ አለፍኩት። ሰው አንድ ነገር ለማመን ከቆረጠ ማስረጃ መቼ ያጣል?

ቅዳሜና እሁድን ስብሰለሰል ዋልኩ። ቬርና ብትከሳ ቀሚስ ይዘጋላታል፤ ሩዲ ቢከሳ ይኖራል። አንድ ዕጣ አውጪ ኮምፒውተር ይህን ሰው ባዶ የራስ ቁር ደፍቶ እንዲሞት ፈርዶበታል፤ እኔ ደግሞ ቁልፉ እጄ ላይ ነው። ሰኞ ማንም ሳይገባ ቀድሜ ገባሁ። ሁለቱን ካርዶች ከመሳቢያው አወጣሁ። አሥራ አራት የሚለውን ወረቀት በጥፍሬ ላጥኩና በአሥራ አምስቱ ካርድ ላይ ለጠፍኩት፤ የአሥራ አምስቱን ደግሞ በዚያኛው ላይ። በሕይወቴ ሰርቄ አላውቅም፤ ያን ቀን ስሰርቅ ለሱ ስለነበር ኩራት ተሰማኝ።

በዚያው ጠዋት ምቱ ሲያልቅ ሩዲ ዓይኑን ገልጦ ግራ በመጋባት አየኝ። «ዛሬ አለቀ?» አለኝ። እየሠራለት ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። ቀጥላ የገባችው ቬርና «ዛሬስ ገደልሽኝ!» ብላ ጮኸች። እሷማ ሁልጊዜ ትጮኻለች፤ ጆሮ አልሰጠኋትም።

*

የመጨረሻው ቀጠሮ ጁን መጨረሻ ላይ አለቀ። አራት ኪሎ ጥሎ የነበረው ሰው አንዱን መልሶ፣ መቶ ሃያ ስምንት ሆኖ ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ «እሁድ ሐይቁ ዳር የምሄድ ይመስለኛል» አለ፣ ለኔ ሳይሆን ለበሩ የነገረው ይመስል። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ሄድኩ።

ያ በጋ የኔ ነበር። መርከቦቹ በድልድዩ ሥር ሲያልፉ ገና ሳይታዩ በጥሩምባቸው ድምፅ ስማቸውን ይነግረኛል፤ የትኛው ላይ ምን እንዳበሰለ፣ የትኛው ካፒቴን ሾርባ ሲቀዘቅዝ እንደሚያለቅስ። እናቴ ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ካለው ቤቷ ሆና «የመርከብ ወጥ ቤት? እሱም የታመመ?» አለችኝ። ለሩዲ ስነግረው «ልክ ናት፤ ከሁለቱ አንዱን ብትመርጪ ጥሩ ነበር» ብሎ አሳቀኝ። ሲስቅ መላ አካሉ ነው የሚስቀው። እንደዚያ ሙሉ ሆኖ የሚያየኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም ነበር።

ያበስልልኝ ነበር። በጭስ ያበሰለው ዓሣ፣ የዱር ሩዝ፣ ቅቤ የነካው በቆሎ ለኔ፤ ለሱ ዱባና ጎመን። ሹካዬን ከሳህኑ እስከ አፌ በዓይኑ ሲሸኘው አየዋለሁ። እኔ ደግሞ አራት ሳምንት ሙሉ እውነተኛውን ሰርቄ የሰጠሁት እየመሰለኝ፣ ለምን እንዲህ እንደሚርበው አልገባ አለኝ። አንድ ቀን አፌ አልቻለም።

«ሩዲ፣ አሁንማ ረሃቡ ሊቀልልህ ይገባ ነበር።»

ቢላዋውን መክተፊያው ላይ አስቀመጠ። «ይገባ ነበር?»

«ማለቴ፣ ስድስት ሳምንት ታክመሃል...»

«ገባኝ» አለ፤ ያንን የክሊኒክ ፈገግታውንም ፈገግ አለልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ራበኝ ብሎኝ አያውቅም። ብርታቱን ተጠራጠረች ብሎ እንደወሰደው የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያን ዕለት ግን እጁን በሁለት እጄ ይዤ፣ በጣም የደገፍኩት መስሎኝ ደስ ብሎኝ አደርኩ።

ኮረብታውን በቀን ሁለቴ ይወጣ ጀመር። ፊቱ ገረጣ፣ ሱሪው በቀበቶ ተንጠለጠለ። ሴፕቴምበር ዘጠኝ ሚዛን ላይ ሲወጣ ጫማውንም፣ ሰዓቱንም፣ የአባቱን ቀለበትም አውልቆ ለኔ ሰጠኝ። መቶ ሃያ አንድ። ነርሷ ደግማ መዘነችው፤ መቶ ሃያ አንድ። ሐኪሙ አዝኗል፤ ከሦስት ወር በኋላ እናያለን አለ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ቀለበቱን መልሼ እጁ ላይ ሳደርግለት ጣቱ ላይ ሰፍቶት ነበር።

«ሦስት ኪሎ» አለኝ። «ሦስት ኪሎ ቅቤ ተሸክሜ መርከብ ላይ ስወጣ አይታወቀኝም ነበር።»

እጁን ከእጄ ቀስ ብሎ አወጣ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኬን አላነሳም። ኦክቶበር ላይ ማርሲ እንደገና ስትመረመር ስኳር ተገኘባት፤ ከለጋሽነት ተሰረዘች። አሁን ሩዲ በሳምንት ሦስት ቀን ደሙን በማሽን ያሳጥባል። ይህን የሰማሁት ከሰው ነው፤ ወደሱ የምሄድበትን እግሬን ግን ሐፍረት ያዘው፣ የተጠላሁ መስሎኝ ነበርና።

*

ከበዓሉ አሥራ ሁለት ቀን በፊት ዶክተር ፔል ሠራተኛውን ሰብስቦ የታሸገውን ፖስታ ቀደደ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበ። ቡና የሚጠጣ አለ፣ ስልኩን የሚያይ አለ።

«አሥራ አራት፦ እውነተኛ። አሥራ አምስት፦ ባዶ።»

ቀጥሎ ያነበበውን አልሰማሁም። እኔ ከመንካቴ በፊት አሥራ አራት የነበረው ካርድ እውነተኛው ነው። ከሩዲ ወስጄ ለቬርና የሰጠሁት እሱን ነው። አራት ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ባዶውን የራስ ቁር በገዛ እጄ እየደፋሁለት፣ ማሰሪያውን አገጩ ሥር በፍቅር አጠብቅለት ነበር። ኩል ልኳል ብዬ ዓይን አጠፋሁ። ወረቀቱ ላይ ግን አሥራ አራት ቁጥር እውነተኛውን አግኝቷል ይላል፤ ለሱም እንደዚያው ተብሎ ይላክለታል። ከኔ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልነበረም።

ደብዳቤው የደረሳት ዕለት ቬርና ክሊኒኩ ድረስ መጣች። ዘጠኝ ኪሎ ጥላለች፤ ቀሚሱ ተዘግቶላት ሰርጉ ላይ ስትጨፍር የተነሳችውን ፎቶ ይዛለች።

«ባዶ ነበር አሉኝ! ሰማሽ የኔ ልጅ? ያን ሁሉ የጮህኩት በባዶ!» አቅፋ አወዛወዘችኝ። «ታዲያ ማን ነው ያከሳኝ? እኔው! በራሴ ብርታት! ባሌ በሕይወት ኖሮ ይህን በሰማ!»

እኔም አብሬያት ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት በየጠዋቱ ዛሬ እናገራለሁ እያልኩ፣ በየጠዋቱ ፈርቼ ዝም አልኩ። ከዚያ ነው ደብዳቤው የመጣው። በፎጣ የተሸፈነው መስታወት ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

*

ሐሙስ ጠዋት ያደረግሁትን ሁሉ ጽፌ ለዶክተር ፔል ላክሁ። ወደ ኋላ እንዳልመለስ ነው። ከዚያ መኪናዬን ከኮረብታው አውርጄ ማርሲ ቤት ሄድኩ። ጥሩ በረዶ ጥሎ ነበር።

በሩን የከፈተችው ራሷ ማርሲ ናት። የወንድሟ ዓይን ነው ያላት።

«መጣሽ? አትምጪ ብያታለሁ ብሎኝ ነበር» አለች፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ከጠዋት ጀምሮ በመስኮት ስንቴ እንዳየ ግን አልነገረኝም። ግቢ፣ ቱርካችን ብርድ እንዳይመታው።» ወደ ወጥ ቤቱ ገፋ አድርጋኝ፣ ኳስ ወደሚያዩት እንግዶቿ ተመለሰች።

ሩዲ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብሎ መረቁን ያማስላል። ክንዱ ላይ የትናንቱ መርፌ ፋሻ አለ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል፣ ጉንጩ ወርዷል።

«መቶ አሥራ ስድስት ገብቻለሁ፣ አየሽ?» አለኝ። «ኩላሊቱ ከሄደ በኋላ። እኔ መቼም ለቀጠሮ እንደዘገየሁ ነው።»

«ሩዲ...»

«አትምጪ አልኩሽ እኮ።»

«እንደምመጣ ታውቅ ነበር።»

«አዎ። ሁለተኛውን የፖም ኬክ የጋገርኩት ለማን ይመስልሻል?»

ማማሰያውን አስቀምጦ መጥቶ አቀፈኝ። ቅቤና ጦስኝ፣ ሳሙናም ሸተተኝ። ደረቱ ላይ ሆኜ እስከ ሰባት ቆጠርኩ። ስምንት ብል አልናገርም ነበር። ገፋ አድርጌው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄድኩ።

«ወረቀቱ የነገረህ ነገር ውሸት ነው።»

«የቱ ወረቀት?»

«የክሊኒኩ። እውነተኛውን ያገኘኸው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ካርድህን ከቬርና ጋር ቀየርኩት። የቁጥሩን ወረቀት በጥፍሬ ልጬ። ባዶው የደረሰህ መስሎኝ ነበር፣ ላድንህ ብዬ... ሩዲ፣ እውነተኛው የነበረው ያንተ ነው። እኔ ነኝ የወሰድኩብህ።»

መረቁ መንተክተክ ጀመረ። ሳያየው እጁን ልኮ እሳቱን ቀነሰ።

«ለምን ባዶ ነው ብለሽ አሰብሽ?»

«አያምህም ነበራ! እሷ ትጮኻለች፣ አንተ ትስቃለህ...»

«ያመኝ ነበር» አለ።

«ምን?»

«ያመኝ ነበር ብሪታ። ቅንድቤ ላይ በመዶሻ የሚቸነክሩኝ ነበር የሚመስለኝ። ጥርሴን ነክሼ እስከ መቶ እቆጥራለሁ። ፊቴን ታይ ስለነበር ነው የምስቀው። እንዳታዝኚብኝ፤ እንደዚህ ያለ ትልቅ ሰውዬ፣ አንቺ ፊት...» አቆመና ግንባሩን በእጁ ዳሰሰ። «አንድ ሰኞ ግን ሕመሙ ድንገት ጠፋ። ለመድኩት ብዬ ኮርቼ ነበር።»

«በዚያ ሰኞ ነው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከሳሎን ሳቅ ይሰማል፤ አንዱ ቡድን ነጥብ አስቆጥሮ ይሆናል። ሩዲ ወለሉን እያየ ለራሱ እንደሚናገር ሰው ተናገረ።

«በሁለተኛው ሳምንት ዳቦውን ስትከፍቺልኝ ዳቦ ነበር። ዝም ብሎ ዳቦ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገር የሚጠፋብኝ መስሎኝ። ከዚያ ተመልሶ ጌታዬ ሆነ። ሌሊቱን ሳይቀር ይጠራኛል። ተሰጥቶኝ ነበር፣ እኔ ነኝ በሆዳምነቴ ያበላሸሁት አልኩ። ለቄሱም እንደዚያ ብዬ ነው የተናዘዝኩት።» ቀና አለ። «እኔ ነኝ እያልኩ።»

«አንተ አይደለህም።»

«ድገሚው።»

«አንተ አይደለህም ሩዲ። ከዚያ በኋላ የጣልከውን ሰባት ኪሎ ማንም አላገዘህም። ብቻህን ነው የጎተትከው። ከጥናቱ ሰዎች ሁሉ ያንተን የሚያህል ብርታት ያለው አልነበረም።»

ያን ጊዜ የሆነውን መቼም አልረሳውም። ፊቱ ተከፈተ። አመዱ ሁሉ ከላዩ ተራገፈ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አፉ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ሳይለይ ተንቀጠቀጠ። ያንን ደስታ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ከዚያ ያንኑ ፊት ወደኔ አዞረ፤ ማን እንደሆንኩ ትዝ ሲለውም አየሁ።

«ማርሲ በሴፕቴምበር ልትሰጠኝ ትችል ነበር» አለ በቀስታ።

«አዎ።»

«ስኳሩ ሳይመጣ።»

«አዎ።»

«ሦስት ኪሎ ነበር የቀረኝ።»

እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ጠባሳዎቹን ተመለከተ።

«ለምን ነገርሽኝ? ዝም ብትይ እኮ ያንቺው ነበርኩ። እስክሞት።»

«መስታወቱን በፎጣ ሸፍነህ ራስህን እየጠላህ? አልፈልግም። እኔን ጥላኝ። እኔን መጥላት ይሻላል። እወድሃለሁ ሩዲ።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «እሱ ነው የገደለኝ።»

ተነስቶ ሽርጡን አስተካከለ። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ካፖርትሽን አላወለቅሽም።»

«አላወለቅሁም።»

«ጥሩ። ሂጂ ብሪታ።»

ቢቆጣ እችለው ነበር። የተናገረው ግን በዚያው፣ ዳቦውን ‹የማላይበት ጣይው› ሲለኝ በነበረው ድምፁ ነው። በጓሮው በር ወጣሁ።

ደረጃው ላይ የብረቱን መደገፊያ ይዤ ቆምኩ። በስተኋላዬ የወጥ ቤቱ በር ተበርግዶ ሲከፈት፣ ከባድ እግር ወደ ሳሎን ሲሮጥ ሰማሁ።

«ማርሲ! ቴሌቪዥኑን አጥፉት! ማርሲ፣ ነይ እስቲ! እኔ አልነበርኩም! ሰማሽኝ? እኔ አልነበርኩም!»

ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ከዚያ የማርሲ ልቅሶ መጣ፤ የሱም ድምፅ በላዩ ላይ፣ ደጋግሞ፣ እንደ ልጅ፣ እኔ አልነበርኩም፣ እኔ አልነበርኩም። ደስ አለኝ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በረዶው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ድምፁ እንዳይሰማ ካፖርቴን ነክሼ አለቀስኩ።